የጎረቤታችን እፉኝት

የእናቴን ቀኝ እጅ የነደፈችው እፉኝት የጅራቷ ጫፍ የተቆረጠ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው፣ ኋላ ብዙ ሰው «እሷ መሆኗን በምን ታውቃለህ? እፉኝት ሁሉ አንድ ነው» ስላለኝ ነው። አውቃለሁ። እናቴ እጇን ስትስብ፣ እፉኝቷም ወደ ውስጥ ስትሸሽ አይታታለች። ጅራቷ እንደ ሌላ እባብ እየሾለ ሄዶ አያልቅም፤ አውራ ጣት በሚያህል ድፍን ነገር ነው የሚያበቃው። እኔም ያንኑ ጅራት ከዚያ ወዲያ ዐሥራ አንድ ጊዜ አይቻለሁ። ዐሥራ አንዱንም ከነቀኑና ከነሰዓቱ በደብተሬ ጽፌዋለሁ።

እኛ ጎጆ ከሚባለው ደጋ የመጣን ሰዎች ነን። ብርድ አገር ነው፣ ገብስና ድንች። አባቴ ከሞተ በኋላ፣ የመሬት አዋጁ በታወጀ በሁለተኛው ዓመት፣ እናቴና እኔ ወደ ባኮ ወረድን። ከከተማው የአንድ ሰዓት መንገድ ወጣ ብሎ ካለው ገበሬ ማኅበር መሬት ተሰጠን። ያኔ ዐሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ትምህርት ቤት የገባሁት ለሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ ሌላውን ያገኘሁትን ወረቀት ሁሉ እያነበብኩ በራሴ ነው የተማርኩት። የሰማሁትን ሳይሆን ያየሁትን መጻፍ እወድ ነበር። ብዙም አልናገርም ነበር።

በመጀመሪያው ምርታችን የበቆሎውን አገዳ የከመርነው በጎጆ ገብስ እንደሚከመረው ነው፤ መሬት ላይ አጋድመን፣ እስር በእስር ላይ ጠቅጥቀን፣ ከድንበሩ አጥር ሥር። የባኮ ሰው አገዳውን እንዲያ አያስቀምጥም። አራት ባላ ተክሎ፣ ቆጥ ሠርቶ፣ በደረት ከፍታ ይሰቅለዋል። ጎረቤታችን ሽማግሌ ከአጥሩ ማዶ ቆሞ ስንከምር አይቶ በጣም ሳቀ።

«የጎጆ ሰዎች! ገብስ መሰላችሁ እንዴ?» አለ።

እናቴም አብራው ሳቀች። «ምን እናድርግ ኦቦ፣ እጃችን የለመደው ይህንን ነው» አለችው። በስሙ አንጠራውም ነበር፤ «ኦቦ» ብቻ ነበር የምንለው፣ አቶ እንደማለት ነው። አገዳው ለምን እንደሚሰቀል ግን አልነገረንም። እኛም አልጠየቅንም።

በእሱ ግቢ ትልቅ ዋንዛ አለ። ከዋንዛው ሥር ወገብ የሚደርስ የድንጋይ ክምር ነበር፤ የአባቱ አባት የተቀበረበት ነው። በዚያ ድንጋይ ውስጥ እፉኝት ትኖራለች። የዚያ ቤት ሰዎች አይነኳትም። ሚስቱ በየሳምንቱ በጭልፋ ወተት ታፈስላታለች። እናቴ የወንጌል አማኝ ስለነበረች «ለድንጋይ ወተት!» ብላ ከንፈሯን ትመጥጣለች እንጂ ለእነሱ አንድም ቀን አልተናገረችም። ሦስት ነገር እንደተከለከለ ያወቅሁት ቀስ በቀስ ነው፤ አትመታም፣ «ቡቲ» ተብላ በስሟ አትጠራም፣ ሦስተኛውንም ኋላ እመጣበታለሁ።

ጥር ወር ውስጥ ነው፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ። እናቴ እሳት ልታያይዝ አገዳ ለመሳብ ወጣች። ክምሩ ውስጥ እጇን ስትሰድ የሆነ ነገር እንደ ወናፍ «ፉፍ» አለ። የባኮ ልጅ ቢሆን ይህን ድምፅ ገና በሕፃንነቱ ያውቀዋል፤ ወደ ኋላ ይዘላል። በጎጆ አገር እፉኝት የለም። እናቴ የምታውቀው እንዲያ የሚል ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ እንቁላል የታቀፈች ዶሮ። ቀይ ዶሯችን ደግሞ ሳምንት ሙሉ ውጭ እየጣለች አስቸግራን ነበር። እናቴ ደስ አላት። «አንቺ ሌባ፣ እዚህ ነሽ?» ብላ እንቁላሉን ለመዳበስ እጇን የበለጠ ወደ ውስጥ ሰደደች።

ጩኸቷን ሰምቼ ስደርስ መሬት ላይ ተቀምጣ አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን በግራ እጇ ጨብጣ ነበር። ቀድማኝ የደረሰችው የሽማግሌው ሚስት ናት። አጥሩን በየት እንደዘለለችው አላየሁም። አጭር፣ ወፍራም፣ ከስድሳ ያላነሰ ዕድሜ ያላት ሴት ናት፤ እኛ «አዳዴ» እንላታለን፣ አክስቴ እንደማለት ነው። ምላጭ ላመጣ ስሮጥ ሸሚዜን ይዛ አስቀረችኝ።

«አትቁረጣት! መኪና ፈልግ!» አለችኝ።

ባኮ ጤና ጣቢያ ያለው ድሬሰር እጁን ዘርግቶ «መድኃኒቱ እኔ ጋ የለም፣ አምቦ ውሰዷት» አለ። እጇ እስከ ክርኗ አብጦ ቆዳው ይበራ ነበር። ከበቆሎ መጫኛው የቆመውን የኤን ትሬ ጭነት መኪና ሾፌር ለመንነው። ሾፌሩ አይቷት ራሱን ነቀነቀ።

«የእባብ ሰው አልጭንም። መንገድ ላይ ከሞተች ፖሊስ ጣቢያ የምቆመው እኔ ነኝ።»

አዳዴ ነጠላዋን አንጥፋ ከፊት ጎማው ሥር ተጋደመች። «እንግዲያው ሁለት አስከሬን ይዘህ ቁም» አለችው።

ሾፌሩ ተሳደበ፣ ከዚያ ሳቀ፣ ከዚያ በሩን ከፈተ። ጌዶ አቀበት ላይ መኪናው ሲያቃስት እናቴ ደረቷ ላይ ያስመለሰችውን አዳዴ በእጇ እየጠረገች «በርቺ እህቴ፣ ያ ጉደር ነው፣ ያ ጉደር ነው» ትላት ነበር፤ ጉደር ገና ሩቅ ሳለ። ሽማግሌው ግን ከበሩ አልወጣም ነበር። ስንሄድ ዞር ብዬ አይቼዋለሁ። ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ቆሟል።

አምቦ ሆስፒታል ሠላሳ ሁለት ቀን ተኛች። ሁለቱ ጣቶች ጠቁረው ስለነበር ተቆረጡ። ቁስሉ ሲታጠብ አዳዴ ናት የያዘቻት፤ እኔ መያዝ አልቻልኩም፣ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ሆኜ የወለሉን ሸክላ እቆጥር ነበር። እናቴ ፈታይ ናት። ጎጆ ሳለን ከእሷ ድር ቀጭን ድር የሚያወጣ አልነበረም ይባላል። እንዝርት የሚሾረው ደግሞ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ነው። ከአምቦ ስንመለስ የመጀመሪያ ቀን እንዝርቷን ከግድግዳው አውርዳ አየችው፤ መልሳም ሰካችው።

ሽማግሌው ሊጠይቃት መጣ። አጠገቧ ተቀምጦ መሬት መሬቱን እያየ «ያን ጠዋት አገዳው ላይ ስታጎነብሺ ሳይሽ ደነገጥኩ» አላት። እናቴ ቸርነቱን አመሰገነችው። እኔ ግን ያቺን ቃሉን ያዝኳት። ሳያውቅ ለምን ይደነግጣል? ሰው እሳት ሊያነድድ አገዳ ቢስብ ምን ያስደነግጣል?

ሦስት ቀን ቆይቼ ድንበሩ ላይ ብቻውን አገኘሁት።

«ኦቦ፣ ያን ቀን ወደ ክምራችን ስትገባ አይተዋት ነበር?»

መዋሸት ይችል ነበር። አልዋሸም፤ ይህን ልመሰክርለት ይገባል።

«አየኋት» አለ።

«መቼ?»

«ፀሐይ ስትወጣ።»

«ለምን አልነገሩንም?»

«ያ ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ የሄደችበት በእኛ ቤት አይነገርም። የተናገረ ሰው ያስገድላታል። አባቴም አይናገርም ነበር።»

ሦስተኛው ክልክል ይህ ነው። ፀሐይ ከወጣችበት እናቴ እስከተነደፈችበት አንድ ሰዓት ተኩል ነው። በዚያ አንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ይህ ሰው ላሞቹን አስወጥቷል፣ በአጥራችን አጠገብ አልፏል፣ እናቴንም «አካም ቡልቴ?» ብሎ ሰላም ብሏታል። እናቴ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላዋለች። ይህን ሁሉ ጠይቄ አጣርቻለሁ።

ለእናቴ አልነገርኳትም። ለማንም አልነገርኩም። በዚያ ሰሞን ለገበሬ ማኅበሩ ብናገር ሊቀመንበሩ «ኋላ ቀር ልማድ» ብሎ ድንጋዩን በአንድ ቀን ያስበትነው እንደነበር አውቃለሁ፤ ማመልከቻ መጻፍም እችል ነበር። ግን ያ የሊቀመንበሩ በቀል ይሆናል እንጂ የእኔ አይሆንም።

መጀመሪያ የፈለግሁት እፉኝቷን ነበር። ከመጋቢት ጀምሮ በአጥሩ ቀዳዳ እያየሁ መመዝገብ ያዝኩ። ፀሐይ ስትሞቅ በድንጋዩ ምሥራቃዊ ጎን ትወጣለች፤ ከሰዓት በኋላ በዚያ አትገኝም። ርዝመቷ አምስት ስንዝር ይሆናል። ስትሄድ አትጠማዘዝም፣ እንደ አባጨጓሬ ቀጥ ብላ ትሳባለች። አንድ ቀን ገጀራ ይዤ አጥሩን ተሻገርኩ። ሽማግሌው እንደሚጠብቀኝ ሁሉ ድንጋዩ ላይ ተቀምጧል።

«ና ምታ» አለኝ። «እኔ ከላይ ነኝ፣ እሷ ከሥር ናት። ከላይ ጀምር።»

ተመለስኩ። ወደ ቤት ስሄድ ከኋላዬ «የጎጆ ገብስ!» ብሎ ሳቀ። የዚያን ቀን ሐሳቤ ከእፉኝቷ ወደ እሱ ዞረ። እፉኝት ብትገደል ምን ይጎድልበታል? ሌላ ትገባለታለች። እሱ እናቴን የጎዳት በመምታት አይደለም። ያደረገው ምንም አልነበረም። እኔም ያንኑ ምንም ማድረግ እችላለሁ አልኩ። የሚያስፈልገኝ አንድ ጠዋት ብቻ ነው፤ እፉኝቷ ወደ እሱ አገዳ የምትገባበት፣ እኔም የማይበት። ይህን ሳስብ ሰውነቴ ይሞቅ ነበር። ማታ ማታ እናቴ በግራ እጇ መፍተል ስትለማመድ፣ ክሩ ሲበጠስባት፣ ደግማ ስትቀጥል፣ እንደገና ሲበጠስባት፣ እያየሁ ያንን ጠዋት እመኘው ነበር።

በሚቀጥለው ታኅሣሥ ምስጥ የሽማግሌውን ቆጥ ሁለት እግር በላው። ቆጡ በአንድ ጎኑ ወደቀ፤ አገዳው በዚያ በኩል መሬት ነካ። «ነገ አነሣዋለሁ፣ ነገ አነሣዋለሁ» ሲል ሁለት ሳምንት አለፈው። ሁልጊዜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ለበሬዎቹ አገዳ የሚስበው እሱ ራሱ ነው፤ የሚስበውም በወደቀው በኩል ነው፣ ስለሚቀርብ። ከበሩ እስከ ቆጡ በእሱ እርምጃ ሃያ ነው።

አንድ ቀን አንድ ሰዓት ላይ እፉኝቷ ከድንጋዩ ወጣች። እንደዚያ ርቃ ስትሄድ አይቼ አላውቅም። ግቢውን አቋርጣ በወደቀው ቆጥ ሥር ደረሰች፣ ትንሽ ቆየች፣ ከታች ሦስተኛው እስር ሥር ገባች። ያች ድፍን ጅራት መጨረሻ ላይ ገባች። ደብተሬን አወጣሁና ጻፍኩ።

አንድ ሰዓት ሙሉ አጥሩ ሥር ቆምኩ። ሊከብደኝ ይገባ ነበር ይሆናል፤ አልከበደኝም። ሽማግሌው ከቤት ወጣ፣ በረንዳው ላይ ተቀመጠ፣ እግሩን አጥፎ ተረከዙን በመርፌ መጎርጎር ጀመረ። እሾህ ወግቶታል። መርፌውን ቀና እያደረገ ሲያይ «ተነሥ፣ ተነሥ» እለው ነበር በልቤ።

«ያ ጃርቲ!» ብሎ ሚስቱን ወደ ውስጥ ተጣራ፤ አሮጊቴ ማለቱ ነው። «በሬዎቹ ጮኹ። አንቺ ሳቢላቸው፣ እኔ እግሬ አይረግጥም።»

አዳዴ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች።

እዚህ ላይ ምንም ልጨምር አልፈልግም፣ ምንም ልቀንስም። እሷ አጭር ስለሆነች መንገዱ በእሷ ሃያ ሦስት እርምጃ እንደሚሆን ገመትኩ። መቁጠር ጀመርኩ። አንድ፣ ሁለት። ለእሷ አልነበረም ያሰብኩት። አምስት፣ ስድስት። ጎማ ሥር የተኛችው እሷ ናት። ዘጠኝ። እሱ ግን ከበረንዳው ያያል፤ ሚስቱን ያያል፤ እኔ እናቴን እንዳየሁ ያያል። ዐሥራ ሁለት። ይህ ከመጀመሪያው የበለጠ ነው፣ የተስተካከለ ነው፣ አልኩ። አዎ፣ ብያለሁ። ዐሥራ አምስት። እሷ ወደ አጥሩ ቀና ብላ አየችኝና ፈገግ አለች። ዐሥራ ስምንት።

«አዳዴ፣ ይቁሙ! ቡቲ! በወደቀው በኩል፣ ከታች ሦስተኛው እስር ሥር!»

ገና በሩቁ የዘረጋችው እጇ ባለበት ቀረ። ከአገዳው ውስጥ ያ የወናፍ ድምፅ ወጣ። እሷ የባኮ ልጅ ናት፤ አልጮኸችም፣ አልዘለለችም፣ እጇን ቀስ አድርጋ ሰብስባ ወደ ኋላ ሦስት እርምጃ ሄደች። ከዚያ ቆመች።

በመጀመሪያ የተናገረው ሽማግሌው ነው። መርፌው በእጁ እንዳለ ነው።

«አንተ ልጅ፣ ሦስተኛው እስር መሆኑን በምን አወቅህ?»

«ስትገባ አየኋት።»

«መቼ?»

«አንድ ሰዓት ላይ።»

«አሁን ሁለት ሰዓት ነው! አንድ ሰዓት ሙሉ አይተህ ዝም አልክ?»

«ዝም አልኩ» አልኩት። እናቴ ጩኸቴን ሰምታ እንዝርቷን በግራ እጇ እንደያዘች አጠገቤ ደርሳ ነበር። ለሁለቱም ሴቶች እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። «እርስዎስ ኦቦ፣ ያን ቀን ወደ እኛ ክምር ስትገባ አይተው ስንት ሰዓት ዝም አሉ?»

ሽማግሌው ጋቢውን ሳበ። አዳዴ ወደ እሱ ዞረች።

«ምን እያለ ነው?»

«ተይው ይሄን ጎጆ...»

«ምን እያለ ነው አልኩህ። አይተሃት ነበር?»

«በእኛ ቤት አይነገርም» አለ፣ ለእኔ እንደነገረኝ፣ በዚያው ድምፅ።

«እኔ እስከ አምቦ እጇን ይዤ ስሄድ ታውቅ ነበር?»

ሽማግሌው መርፌውን ጋቢው ላይ ሰካ።

«ዓመት ሙሉ ለዚያች ወተት ሳፈስ፣ አንተ እዚያ ቁጭ ብለህ እያየኸኝ፣ ታውቅ ነበር?»

ከቆጡ አጠገብ የቆመውን መንሽ አነሣች። ሽማግሌው በአንድ እግሩ ተነሣ። «ጃርቲ፣ ተይ! ቤታችን ይጠፋል! ተይ!»

«የአንተ ቤት ነው። እኔ የተዳርኩ ነኝ» አለችው።

እስሮቹን በመንሹ አንድ በአንድ ገለበጠች። ሦስተኛውን ስትገለብጥ እፉኝቷ ተጠቅልላ ነበር። አንገቷን በመንሹ ጣቶች መካከል ያዘቻት፣ በሌላ እጇ ድንጋይ አንሥታ ራሷን መታች፤ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ደግሞ አንድ ጊዜ። ሽማግሌው ፊቱን ሸፈነ። እኔ ዓመት ሙሉ የፈለግሁት ነገር ዓይኔ እያየ በሌላ ሰው እጅ አለቀ።

አዳዴ በመንሹ አንሥታ ወደ አጥሩ መጣችና በድኗን ከእግሬ ሥር ጣለችው።

«እንካ፣ ለካት» አለችኝ። «ደብተርህ ላይ ጻፋት። ስንት እርምጃ እንደሄድኩም ጻፍ። ከንፈርህ ሲንቀሳቀስ አይቼሃለሁ። የምትጸልይ መስሎኝ ነበር።»

መንሹን ጥላ ገባች።

ለካኋት። አምስት ስንዝር ከአራት ጣት ነበረች፤ የጅራቷ ጫፍ ከድሮ የተቆረጠ፣ ቆዳ የያዘ። እሷው ናት። ቆዳዋን ገፍፌ በድንበሩ ባላ ላይ፣ በአራት ሚስማር፣ ፊቱን ወደ ሽማግሌው በር አድርጌ ቸነከርኩት። ጠዋት ጠዋት ሲወጣ ያየዋል፣ ፊቱን ያዞራል። ያን ማየት ደስ ይለኝ ነበር፤ አልክድም። አንድ ጊዜ በሰው አስልኮ እንዲቀበር ጠየቀኝ። እንቢ አልኩ።

በስምንተኛው ቀን እናቴ በግራ እጇ እየፈተለች ጠየቀችኝ። «ያን ነገር ለማን ነው የሰቀልከው?»

«ለእሱ።»

«አዳዴም በዚያው በር ነው የምትወጣው» አለች።

እንዝርቷን ጭኗ ላይ አሳረፈችና፣ «ስንት እርምጃ ዝም አልክ?» አለችኝ።

«ዐሥራ ስምንት። ዐሥራ ዘጠነኛው ላይ ጮህኩ።»

«ባትጮህ ኖሮ ስንት ይቀራት ነበር?»

«አራት።»

እንዝርቷን አሾረች። ክሩ በዚያን ቀን አልተበጠሰም። ቆዳውን በማግሥቱ አወረድኩት። ሽማግሌውን ይቅር ብዬው አይደለም፤ እስካሁንም አላልኩትም። ሰላም ሲለኝ ራሴን ብቻ እነቀንቃለሁ።

አዳዴ ለአንድ ወር ወደ እኛ አልመጣችም። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጥጥ ይዛ በአጥሩ ክፍተት ገባች፣ ለእናቴ ልትፈትልላት። እኔ በር ላይ ተቀምጬ የአካፋ እጀታ እፍቅ ነበር። ሰላም አላለችኝም። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ በየእርምጃዋ በኦሮምኛ እየቆጠረች መጣች። «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር...»

እናቴ ከውስጥ ስትስቅ ሰማኋት። የነገርኳትን ቁጥር ለአዳዴ ነግራታለች ማለት ነው።

ከአጥሩ እስከ በራችን በእሷ እርምጃ ሠላሳ አንድ ነው። «ኩዳ ሰገል» ስትል፣ ዐሥራ ዘጠኝ ማለት ነው፣ ቆም አለችና እጇን አገዳ እንደምትስብ ወደ ፊት ዘርግታ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። እኔ ጎንበስ ብዬ እጀታውን ፋቅኩ። ከዚያ ወዲያ በመጣች ቁጥር እንዲሁ ናት፤ ትቆጥራለች፣ እዚያች ቦታ ላይ ትቆማለች፣ እጇን ትዘረጋለች፣ የምለውን ትጠብቃለች። ምንም ብዬ አላውቅም። ሲበቃት የቀሩትን ዐሥራ ሁለት እርምጃዎች ሳትቆጥር አልፋኝ ወደ እናቴ ትገባለች።